ራሽያኛ በአፕ ከጀመርኩ 3 ወር ሆነኝ፣ የቃሉ ጭራ ለምን እንደሚቀያየር ግን አልገባኝም፣ እርዱኝ

ነርሷ_ከማርቆስ፦

ሰላም እንዴት ዋላችሁ። ከደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ስራዬ ነርስ ነው። ለራሽያ ስኮላርሺፕ አመልክቼ መልስ እየጠበኩ ነው እና እዛ ስደርስ ዱዳ ሆኜ እንዳልቆም ብዬ ስልኬ ላይ የቋንቋ አፕ ጭኜ መማር ጀመርኩ፣ ይኸው 3 ወር ሞላኝ። አንድ ቀን አልዘለልኩም፣ የሌሊት ተረኛ ስሆን እንኳን ዋርዱ ጸጥ ሲል 15 ደቂቃ እሰርቅና እሰራለሁ። ፊደሉን ጨርሻለሁ፣ 33 ናቸው፣ ያስቸገሩኝ ደሞ ጭራሽ የማላውቃቸው ቅርጾች ሳይሆኑ እንግሊዝኛ መስለው የሚያታልሉት ናቸው፣ ፒ መስሎ ር የሚሆነው፣ ኤች መስሎ ን የሚሆነው፣ ቢ መስሎ ቭ የሚሆነው፣ ሲ መስሎ ስ የሚሆነው። ሬስቶራንት የሚለውን ጽሁፍ ለሁለት ሳምንት "ፔክቶፓኽ" እያልኩ ነበር የማነበው። እሱ አልፏል።

አሁን ያቃተኝ ይሄ ነው። አፑ መጽሐፍ "ክኚጋ" ነው ብሎ አስተማረኝ፣ እሺ ያዝኩ። በሚቀጥለው ትምህርት "ክኚጉ" ብሎ መጣ፣ ከዛ "ክኚጊ"፣ ከዛ "ክኚጌ"። እኔ "ክኚጋ" ብዬ ስመልስ ቀይ ያበራብኛል፣ ለምን እንደተሳሳትኩ ግን አይነግረኝም። ማብራሪያ ያለበትን ከፍቼ ሳነብ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ቃላት የተሞላ ነው፣ የህክምና እንግሊዝኛ አያቅተኝም የሰዋስው እንግሊዝኛ ግን ከመጀመሪያውም አልገባኝም ነበር፣ ሁለት ቋንቋ ባንዴ የምማር ነው የሚመስለኝ። በአማርኛ የሚያስረዳ አፕ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ልቀጥል ወይስ እዛ የቋንቋ መሰናዶ ስገባ እዛው ያስተምሩኛል ብዬ ልተወው? ያለፈበት ሰው ካለ ንገሩኝ።

የዳንግላ_ልጅ፦

እህትዓለም በርቺ፣ 3 ወር ሳይዘሉ መቆየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የኔን ልንገርሽ፣ አፑን ለመግቢያ ብቻ ተጠቀሚበት፣ ቃል ለመያዝ ግን አንኪ የሚባለውን የጥያቄና መልስ ካርድ አፕ ጫኚ፣ አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው፣ ካርዱን አንዴ ካወረድሽ ያለ ዳታ ይሰራል። እዚህ አካባቢ ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን እኔን ያቆየኝ እሱ ብቻ ነው። ዋናው ነገር የሌላ ሰው ካርድ አታውርጂ፣ ራስሽ ስሪው፣ ፊት ለፊቱ ላይ አማርኛ ጀርባው ላይ ራሽያኛ። እንግሊዝኛ መሃል ካላስገባሽ አንጎልሽ አንድ መንገድ ይቀንሳል። የያዝሽውን ቃል ከ1 ቀን በኋላ ከዛ ከ3 ቀን ከዛ ከሳምንት በኋላ ይጠይቅሻል፣ የረሳሽውን ቶሎ ይመልስልሻል ያወቅሽውን ያርቅልሻል። በቀን 10 አዲስ ቃል ይበቃል፣ እኔ 40 እያልኩ ጀምሬ በሳምንቱ ክለሳው 300 ደርሶ ሁለት ወር ሙሉ ተውኩት።

ስለ ጭራው ጉዳይ ግን እኔም ጥሩ አድርጌ ማስረዳት አልችልም፣ ጋሼ ይምጡ፣ እሳቸው እዛው የተማሩ ናቸው።

የድሮ_ፖሊ፦

እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። አንቺ ነርሷ ልጄ እንዳትተዪው፣ መሰናዶ ላይ እማራለሁ ብለሽ ባዶሽን አትሂጂ።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረትና በንጉሡ መንግሥት ስምምነት የተከፈተ ስለሆነ ራሽያዎቹን መምህራን ከተማው ውስጥ ስናያቸው ነው ያደግነው፣ አያቶቻችን መስኮብ ነበር የሚሏቸው። በኋላ እኔም እዛው ተምሬ በ1970ዎቹ ወደ ራሽያዋ ቮሮኔዥ ከተማ ተላክሁ፣ መጀመሪያ አንድ ዓመት መሰናዶ ቋንቋ ብቻ። ያኔ ስልክ የለ አፕ የለ፣ ሊንጋፎን የሚሉት ክፍል ነበር፣ ሁላችንም በየሳጥናችን ጆሮ ማዳመጫ አድርገን ቴፑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል እኛ እንደግማለን፣ እንደገና ይላል እንደገና እንደግማለን። ያንቺ አፕ ያው ሊንጋፎኑ ነው ኪስ የገባ። ጆሮና ምላስ ያለማምዳል፣ ይሄ ስራው ነው። ለምን ብለሽ ስትጠይቂው ዝም የሚለው ያኔም ዝም ይል ነበር።

አሁን ወደ ጭራው። እኔ የገባኝ መምህራችን ስትደግምልኝ ሳይሆን አንድ ሌሊት ማደሪያ ውስጥ ተኝቼ የአባቴን በሬ ሳስብ ነው፣ እውነቴን ነው። በሬው ገባ። የበሬው ቀንድ። ለበሬው ሣር። በሬውን ሸጠው። በበሬው አረሰ። ስለ በሬው አሰበ። ቆጥሪያቸው፣ ስድስት ናቸው። የራሽያኛ ስም የሚቀያየረው በነዚሁ በስድስቱ ነው ሌላ ምሥጢር የለውም። እኛ "የ" እና "ለ" እና "በ" ብለን ከፊት እንለጥፋለን፣ ተሳቢ ሲሆን ብቻ "ን" ብለን ከኋላ። እነሱ ሁሉንም ከኋላ ነው የሚያደርጉት። መጽሐፉ ክኚጋ፣ የመጽሐፉ ክኚጊ፣ ለመጽሐፉ ክኚጌ፣ መጽሐፉን ክኚጉ፣ በመጽሐፉ ክኚጋይ፣ ስለ መጽሐፉ ኣ ክኚጌ። እስክርቢቶ "ሩችካ" ነው፣ በእስክርቢቶ እጽፋለሁ ስትዪ "ፒሹ ሩችካይ" ትያለሽ፣ ያቺ "ኣይ" የኛ "በ" ናት፣ ሌላ ቃል አይጨመርባትም። እንግሊዝ ይሄን ሲማር የሚጨነቀው ቋንቋው ውስጥ ስለጠፋበት ነው፣ አንቺ ግን ከእናትሽ ጡት ጋር የጠባሽው ነገር ነው፣ በእንግሊዝኛ በኩል ዞረሽ ስትመጪ ነው የጠፋብሽ።

ቀይ ሲያበራብሽ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በይውና ስሙ ላይ ምን እንደተለጠፈ እዪ። ከስድስቱ አንዱን ታገኚዋለሽ።

ነርሷ_ከማርቆስ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ያክብርዎት። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ በበሬው 20 ዓረፍተ ነገር ሰራሁ፣ 3 ወር ሙሉ ያልገባኝ ነገር 1 ሰዓት አልፈጀም። አንድ ጥያቄ ላክል፣ እንደ እንግሊዝኛ ቢ ያለች ሆና ጎኗ ላይ ዘንግ የቆመላት ፊደል አለች አይደል፣ አፑ በእንግሊዝኛ "ቢት" ሲባል እንዳለው ኢ ናት ይለኛል፣ ስደግም ግን ትክክል አይደለም ይለኛል።

የድሮ_ፖሊ፦

እሷማ የኛው ሳድስ ናት። "ትን" "ብር" "ድንች" ስትዪ ከት፣ ከብ፣ ከድ በኋላ የምትሰሚያት እ። አሜሪካኖቹ ጓደኞቻችን አንድ ዓመት ሙሉ አፋቸውን ሲያጣምሙባት እኛ በመጀመሪያው ቀን ነው ያልናት፣ መምህራችን ከየት አመጣችሁት ብላ ነበር። ልጅ በራሽያኛ "ስን" ነው፣ ጭስ "ድም" ነው፣ ዓሣ "ርባ" ነው፣ እንደተጻፈ አንብቢው በቃ። የጣና ዓሣ እየበላሽ ርባ በይ፣ ዓሣ እወዳለሁ ስትዪ ደሞ "ያ ሊዩብሊዩ ርቡ"፣ ያው "ን" ገባች።

ኝም አለችልሽ። እነሱ ለስላሳ ን የሚሉት የኛ ኝ ናት ማለት ይቻላል፣ አይደለም "ኜት"፣ ቀን "ዴኝ"። ኸን ደሞ ጎጃም ተወልዶ ኸ የሚከብደው የለም፣ ኸዚህ ኸዚያ ስንል ያለችውን ጉሮሮ ላይ ትንሽ ማሻከር ነው። መጠንቀቅ ያለብሽ ት እና ክ እና ፕ ላይ ነው፣ የኛን ጠ እና ቀ እና ጰ እንዳታደርጊያቸው፣ እነሱ የሚፈነዳ ድምፅ የላቸውም።

ጣና_ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼን ከልብ አከብራለሁ ግን እኔ በዚህ አልስማማም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። ሁሉን ነገር ከአማርኛ ጋር እያወዳደሩ መማር መጀመሪያ ይጥማል በኋላ ግን ያዘገያል። እኔ ለ2 ዓመት እንደዛ ነበርኩ፣ መናገር ስፈልግ መጀመሪያ በአማርኛ አስብና ለ ነው በ ነው ብዬ ፈልጌ ጭራውን ስመርጥ ሰውየው ሄዷል። ደሞ የማይገጥመው ብዙ ነው። እኛ ጾታ ሁለት ነው እነሱ ሦስት ነው፣ እኛ ወንበሩንም ብንወደው ወንበሯ ማለት እንችላለን እነሱ ጋ ጠረጴዛ ወንድ ከሆነ ወንድ ነው። "ነው" የሚባል ነገር በአሁን ጊዜ የላቸውም፣ "ያ ስቱዴንት" ብሎ ያቆማል፣ እኔ ተማሪ። ስለዚህ እኔ የምለው ሰዋስው ትቶ ማዳመጥ ነው፣ የህጻናት ተረት፣ ዜና፣ ዝም ብሎ በቀን 1 ሰዓት ጆሮ ማስለመድ። ሰው ቋንቋ በጆሮው ነው የሚማረው።

የዳንግላ_ልጅ፦

ወንድምዓለም ማዳመጡ ላይ ልክ ነህ፣ ግን ምንም የማይገባህን ነገር 1 ሰዓት ብታዳምጥ እኮ እንደ ዝናብ ድምፅ ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ 500 ቃላት ሳይገቡ ዜና ማዳመጥ ምንም አልጠቀመኝም። ለራሽያኛው የደረጃ ፈተና የመጀመሪያዋ ደረጃ 780 ቃል ነው የምትጠይቀው፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈለገው ደረጃ ደሞ 2300 አካባቢ። በቀን 10 ቃል ሳትዘል ብትይዝ 780ውን በ3 ወር ትጨርሰዋለህ፣ ከዛ ነው ጆሮ መስራት የሚጀምረው።

ቢቸና_ካዛን፦

አሁን ራሽያ ያለሁ ልጅ ልናገር። የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ካዛን ነው የምማረው፣ መሰናዶውን አምና ጨረስኩ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን የቦታ ጉዳይ ነው። እዚህ ከመጣሽ ማዳመጡ ሳትፈልጊም ይመጣል፣ አስተማሪዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በራሽያኛ ብቻ ነው የምታወራው፣ ዳቦ ቤት ሄደሽ፣ አውቶብስ ላይ፣ ማደሪያ ጽዳቷ ሴትዮ፣ ሁሉም። እዛ ሆነሽ ግን የጋሼን መንገድ ያዢ፣ ምክንያቱም እዚህ ሰዋስው ሲያስተምሩሽ በራሽያኛ ነው የሚያስረዱት፣ ስድስቱን ቀድመሽ ካወቅሽ ሌላው ሲደናገር አንቺ ትከተያለሽ። እኔ ሳላውቅ መጥቼ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያለቀስኩበት ቀን ይበዛል።

አፕ የማያስተምርሽን ልንገርሽ። የእጅ ጽሁፍ። አስተማሪዎች ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት በተያያዘ የእጅ ጽሁፍ ነው እና አፑ ላይ ካየሽው ህትመት ጋር አይመሳሰልም፣ ት የምትባለው የእንግሊዝኛ ትንሿ ኤም ትመስላለች፣ ድ የምትባለው ትንሿን ጂ ትመስላለች። እኔ ፊደል አውቃለሁ ብዬ መጥቼ የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ማንበብ አቃተኝ። አንድ ደብተር ግዢና በቀን አንድ ገጽ እሱን ጻፊ፣ ለ1 ወር። ስልክሽ ኪቦርድ ላይም ራሽያኛውን ጨምሪ፣ ነጻ ነው፣ ቃሉን ከመንካት መተየብ ይሻላል። ድምፁን በአማርኛ ፊደል ደብተርሽ ላይ መጻፍ ደሞ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳትቀጥዪ፣ እዚህ እኛ በፊደላችን የምንጽፈው ኪቦርዱ ለሌላቸውም እንዲነበብ ብለን ነው።

ሌላ ደስ የሚልሽ ነገር፣ ስም። ፎርም ስትሞዪ የቤተሰብ ስም፣ ስም፣ የአባት ስም ብሎ ይጠይቅሻል። አስተማሪ የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው፣ ኢቫን የሚባል ሰው አባቱ ፒዮትር ከሆነ ኢቫን ፔትሮቪች ይባላል፣ ያ ነው የነሱ ጋሼ። አንተና እርስዎም አላቸው፣ "ት" እና "ቭ" (ያችው ሳድስ ናት ሁለቱም ጋ)፣ አስተማሪን ት ብትዪ እኛ ጋ የኔታን አንተ እንደማለት ነው። ገና ደሞ ከኛ ጋር አንድ ቀን ነው የሚያከብሩት፣ ታኅሣሥ 29፣ አምና ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ ሳበራ አንዲት እናት ከየት ነሽ አለችኝ፣ ኢትዮጵያ ስላት አቀፈችኝ። አመሰግናለሁ "ስፓሲባ" ነው አይደል፣ አመጣጡ "እግዚአብሔር ያድን" ከሚል ነው፣ ያው እግዜር ይስጥልኝ ማለታችን ነው። ያን ቀን ነው ስፓሲባን ከልቤ ያልኳት።

ነርሷ_ከማርቆስ፦

እህቴ እንባዬን አመጣሽው። የእጅ ጽሁፉን ነገ እጀምራለሁ። አንድ ሌላ ጥያቄ ግን፣ ወተት "ሞሎኮ" ተብሎ ተጽፎ "ማላኮ" ይለዋል ድምፁ። ኦ መቼ አ እንደሚሆን በምን ልወቅ?

የዲማ_ደቀመዝሙር፦

ለዚህ ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ራሽያኛ የጀመርኩት ቅርብ ጊዜ ነው ግን ልጅነቴ የአብነት ትምህርት ቤት ነው ያለፈው። ኦ የምትባለው ጉልበት ያረፈባት ከሆነች ኦ ትባላለች፣ ጉልበቱ ሌላ ቦታ ካረፈ አ ትሆናለች። ሞሎኮ ሦስት ኦ አለው፣ ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ስለሆነ ማ ላ ኮ። ጥሩ የሚለው "ኸራሾ" እንደዛው። ጉልበቱ የት እንዳረፈ ደሞ ጽሁፉ ላይ ምልክት የለውም፣ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ጭረት ይደረግለታል። "ዛማክ" ብለሽ መጀመሪያውን ካነሳሽ ግንብ ነው፣ "ዛሞክ" ብለሽ ኋላውን ካነሳሽ የበር ቁልፍ ነው፣ አጻጻፋቸው አንድ።

ይሄ ለኛ አዲስ መሆን የለበትም። ግዕዝ ንባብ ስንማር የኔታ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያሉ ያስጮሁን የነበረው ይሄኑ ነው፣ ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ወዮለት። ምልክት የለውም፣ በጆሮ ተቀብለሽ በአፍ ትመልሻለሽ። አማርኛም ብትዪ "ገና" ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር ይሁን የሚለየው ማጥበቅና ማላላት ነው፣ ማን ጻፈልን? ስለዚህ አዲስ ቃል ስትይዢ ፊደሉን ብቻ አትያዢ፣ ዜማውን አብረሽ ያዢ፣ ድምፁን ሳትሰሚ ካርድ ላይ አታስገቢ። እኛ የቃል ትምህርት ማታ ማታ በጨለማ ነበር የምንቀበለው፣ መጽሐፍ ሳይታይ። እኔ አሁንም ስልኩን ገልብጬ አስቀምጬ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው፣ ከዛ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ፣ ቤተሰብ ለምዶታል።

ጣና_ዳር፦

ወንድሜ ይሄኛው በጣም ነው የገባኝ፣ እኔ ማዳመጥ ያልኩት ይሄን ነበር። ስልኩን መገልበጡን ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

ግን ግስ ላይስ ምን ትላላችሁ? መጻፍ "ፒሳት" ነው፣ እጽፋለሁ ሲል "ፒሹ" ይሆናል፣ ስ ሽ ሆነች። ይሄን ሁልጊዜ በሽምደዳ ነው የያዝኩት።

የድሮ_ፖሊ፦

ልጄ ለወንድ ልብስህን ልበስ ትላለህ፣ ለሴትስ? ልበሺ። ስ ሽ ሆነች። ለወንድ ውሰድ ለሴት ውሰጂ። ለወንድ ክፈት ለሴት ክፈቺ። አሁን ራሽያኛውን ተመልከት፣ ፒሳት ፒሹ፣ መሄድ "ኸዲት" እሄዳለሁ "ኸዡ"፣ መክፈል "ፕላቲት" እከፍላለሁ "ፕላቹ"። ስ ወደ ሽ፣ ድ ወደ ዥ፣ ት ወደ ች። የኛ ድ ጅ ስትሆን የነሱ ዥ ትሆናለች እንጂ መንገዱ አንድ ነው፣ ምላስ ወደ ላንቃ ትሸሻለች። እኔ ይሄን ያየሁት ከተመለስኩ ከብዙ ዓመት በኋላ የልጅ ልጄን ጫማሽን ልበሺ ስላት ነው፣ ያኔ ቮሮኔዥ እያለሁ ባውቀው ስንት ሌሊት በተረፈኝ እያልኩ ተቆጨሁ።

አንተ ማወዳደር ያዘገያል ያልከው ላይ አንድ ነገር እቀበልሃለሁ፣ ስትናገር ማወዳደር የለብህም። ስትማር ግን የምታውቀውን ለምን ትጥላለህ? አሜሪካኖች ዲፕሎማቶቻቸውን ሲያስተምሩ ራሽያኛንና አማርኛን እኩል ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጧቸው፣ ለሁለቱም 1100 ሰዓት ክፍል ውስጥ። አማርኛውን እኛ በነጻ አግኝተናል፣ ከዛ ውስጥ ለራሽያኛው የሚሆነውን ማውጣት ነው።

ቢቸና_ካዛን፦

ጋሼ ልበሺን ዛሬ ክፍል ውስጥ ላስተማሪዬ ነገርኳት፣ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። 

አንድ የማይወዳደር ግን አለ፣ መሄድ። እነሱ በእግር መሄድና በመኪና መሄድ ሁለት የተለያየ ቃል ነው፣ አማርኛ ላይ ለሁለቱም ሄድኩ ነው። ይሄን በደንብ አድርጋችሁ ያዙ፣ እዚህ ሁሌም ያስቁብናል። መጨረስና አለመጨረስም እንደዛው፣ "ቺታል" ያነብ ነበር፣ "ፕራቺታል" አንብቦ ጨረሰ፣ ግሱን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ካርዱ ላይ አስገቡ፣ ለብቻ ለብቻ ከያዛችሁት በኋላ መገጣጠም ይከብዳል።

ነርሷ_ከማርቆስ፦

ሰላም ቤቶች፣ 6 ሳምንት ጠፋሁ፣ ስራ በዝቶብኝ ነበር እንጂ ትምህርቱን አልተውኩም። አንኪ ላይ 420 ካርድ አለኝ ሁሉም በአማርኛ፣ የእጅ ጽሁፉ ሁለት ደብተር ሞላ። አፑን አሁንም ጠዋት ጠዋት እሰራለሁ፣ ቀይ ሲያበራ በሬውን እጠራለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሴ አገኘዋለሁ። ዛሬ ምንም ሳላይ በቃሌ የሰራሁትን ልጻፍና እረሙልኝ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎ።

ዶብርይ ዴኝ። ያ ሚድሲስትራ። ያ ዢቩ ቭ ዴብሬ ማርኮሴ። ያ ሊዩብሊዩ ርቡ። ያ ፒዩ ኮፌ ቤስ ሳኸራ። ዛፍትራ ያ ኢዱ ቭ ባኽር ዳር። (ደህና ዋሉ፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ ዓሣ እወዳለሁ፣ ቡና ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ ነገ ባሕር ዳር እሄዳለሁ ለማለት ነው።)

የድሮ_ፖሊ፦

ጎሽ ልጄ። "ማርኮሴ" ብለሽ ቦታውን ከነጭራው ማምጣትሽ፣ "ሳኸራ" ብለሽ ያለ ስኳር ማለትሽ፣ ይሄን እኔ በመሰናዶው አጋማሽ ላይ ነው የቻልኩት።

ሁለት ነገር ብቻ። "ዢቩ" ሳይሆን "ዥቩ"፣ አጻጻፉ ኢ ነው ግን ከዥ እና ከሽ በኋላ ሁልጊዜ ያቺ ሳድሳችን ናት የምትሰማው። ሁለተኛው የመጨረሻው ነው። ኢዱ ካልሽ ከማርቆስ ባሕር ዳር በእግርሽ ልትመጪ ነው ማለት ነው። በመኪና ከሆነ ዬዱ።

ነርሷ_ከማርቆስ፦

ያ ዥቩ ቭ ዴብሬ ማርኮሴ። ዛፍትራ ያ ዬዱ ቭ ባኽር ዳር።

ጋሼ የእውነቴን ነው ነገ ለስራ እመጣለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ነው መኪናው።

የድሮ_ፖሊ፦

እንግዲያስ ስትደርሺ ደውዪልኝ፣ ስልኬን በውስጥ እልክልሻለሁ። ርባ እንበላለን፣ ቤት ውስጥ አማርኛ አይፈቀድም።